ካላመንከኝ ይቅር

ለቅሶ ቤት ነበርኩ። ድንኳኑ ጥግ ላይ ተቀምጬ ንፍሮ እዘግናለሁ። በዓይን ብቻ የማውቃቸው አንድ ሰው ወንበራቸውን እየጎተቱ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ስለ ሟች ትንሽ አወራን። ደግ ሰው እንደነበሩ ተስማማን። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ጠበቃ ነህ አሉኝ። አንድ ጓደኛዬ አንድ ነገር ገጥሞት ነበር» አሉ።

ጓደኛቸው ማን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ሰው ሐኪም ዘንድ ሄዶ «ጓደኛዬን ራሱን ያመዋል» አይልም። ሕግ ላይ ሲደርስ ግን ሁሉም ጓደኛ አለው። ታሪኩ ሲጋመስ ጓደኛው ቀስ ብሎ ይጠፋና «እኔም አምኜ ሰጠሁት» ይመጣል። እኚህም ሰው እንደዚያው ሆኑ። ለአበልጃቸው 80 ሺህ ብር አበድረዋል። ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። አበልጅየው መጀመሪያ ስልክ ያነሳ ነበር። ከዚያ ማንሳት ተወ። አሁን ደግሞ ሰፈር ውስጥ «የምን ብር?» ማለት ጀምሯል።

«ወረቀት አላችሁ?» አልኳቸው።

ሊቆጡኝ ምንም አልቀራቸው። «እንዴ! አበልጄ እኮ ነው። ምን ብዬ ነው ፈርም የምለው?»

ሕግ ከተማርኩ ጀምሮ ያልተጠየቅኩበት ቦታ የለም። ሠርግ ላይ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ፀጉሬን እየተስተካከልኩ፣ አንዴ እንዲያውም ጥርሴን ሊነቅለኝ የተዘጋጀ ሐኪም አፌን አስከፍቶ ስለ ውርስ ጠይቆኛል። ጥያቄዎቹ ከላይ ሲታዩ ብዙ ዓይነት ናቸው። ብድር፣ ዋስትና፣ ኪራይ፣ ከሥራ መባረር፣ የባልና ሚስት ንብረት። ውስጣቸው ሲገባ ግን ብዙዎቹ አንድ ናቸው። ሰውየው የተጎዳው ሕግ ባለማወቁ አይደለም። ወረቀት እንደሚያስፈልግ ልቡ ያውቅ ነበር። አፉ ነው እምቢ ያለው። ፍርድ ቤት መዝገቡ ላይ «የብድር ገንዘብ ክርክር» ተብሎ ይጻፋል። እኔ ብሆን «የይሉኝታ ክርክር» ብዬ ነበር የምከፍተው።

እስቲ የብድሩን እንይ። የፍትሐብሔር ሕጋችን በ1952 ዓ.ም የወጣ ነው። ቁጥር 2472 ላይ፣ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት በተሰጠ የእምነት ቃል፣ ወይም በመሐላ ካልሆነ በቀር ሊረጋገጥ አይችልም ይላል። የሰው ምስክር ብቻውን አይበቃም ማለት ነው። ብሩ ሲቆጠር አሥር ሰው ቆሞ ቢያይ፣ አሥሩም መጥተው እንመስክር ቢሉ፣ ከ500 በላይ ከሆነ ሕጉ «ጽሑፉስ?» ነው የሚለው።

በ1952 500 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር። ሐሳቡ እንደሚገባኝ ትንንሹን ብድር ሰው በቃሉ ይጨርሰው፣ ትልቁን ግን ይጻፈው ነው። ቁጥሩ ከዚያ ወዲህ አልተነካም። ብሩ ግን ያ ብር አይደለም። ዛሬ በ500 ብር ሁለት ሰው ምሳ መጋበዝም ያሰጋል። ስለዚህ ለትልቅ ብድር የተቀመጠው መስፈርት አሁን ጎረቤት ከጎረቤት የሚወስደውን ሁሉ ይይዛል። የሕጉን ረቂቅ ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ነበሩ። አበልጅ ምን እንደሆነ የነገራቸው ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ይህን ሁሉ ድንኳን ውስጥ አላወራሁም። ለሰውዬው በአጭሩ ነገርኳቸው። ከስሰው አበልጅየው ዳኛ ፊት ካመነ ተረፉ። ካልሆነም መሐላ አለ አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡ። «ይምላል» አሉኝ።

እዚህ ላይ ራሴን ላጋልጥ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ 60 ሺህ ብር አበድሬያለሁ። ጠበቃ ነኝ፤ ቁጥር 2472ን በእንቅልፌም እወጣዋለሁ። «ወረቀት ነገር ብናደርግስ?» ብዬ ነካ አደረግኩት። በጨዋታ መልክ፣ እየሳቅኩ። እሱም እየሳቀ «ካላመንከኝ ይቅር» አለኝ።

ይቺን አባባል የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። የቸገረው እሱ ነው፤ አጥፊ የሆንኩት እኔ ነኝ። ለማስተባበል ያለኝ አንድ መንገድ ደግሞ ብሩን ቶሎ መስጠት ነው። ስልኬን አውጥቼ እዚያው ላክሁለት። ማታ «ደረሰኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ» የሚል መልእክት መጣ።

ያንን መልእክት በኋላ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። አማርኛችን ይቀልዳል። «ደረሰኝ» ይላል፤ ግን ደረሰኝ አይደለም። ገንዘቡ መድረሱን ይናገራል፤ በምን ምክንያት እንደደረሰ አይናገርም። ስጦታ ሊሆን ይችላል። የእኔ የቆየ ዕዳም ሊሆን ይችላል። የባንክ ዝውውር ማስረጃም ያው ነው፤ ከማን ወደ ማን እንደሄደ እንጂ ብድር መሆኑን ብቻውን አያሳይም። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 አንድ መልእክት ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ዋጋ አያጣም ይላል። ደስ ይላል። ግን መልእክቱ ውስጥ «ብድር» የምትል ቃል ከሌለች አዋጁ ምን ያድርግልኝ? «የተበደርኩት 60 ሺህ ብር ደረሰኝ፤ ሰኔ ላይ እመልሳለሁ» ብሎ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ይዤ የምከራከርበት ነገር ነበረኝ።

ግማሹን መልሶልኛል። ግማሹ ላይ ዝም ተባብለናል። በዓል በመጣ ቁጥር «እንኳን አደረሰህ» ይለኛል። እኔም «እንኳን አብሮ አደረሰን» እለዋለሁ።

ሰው ወረቀት የሚጠቅመው አበዳሪውን ብቻ ይመስለዋል። አንድ ቀን ፍርድ ቤት የራሴ መዝገብ እስኪጠራ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። ከእኔ በፊት የተጠራው የ45 ሺህ ብር ብድር ክርክር ነው። ከሳሿ ወረቀት የላትም። ተከሳሹ ወጣት ነው፤ የለበሰው ሸሚዝ አዲስ ከመሆኑ የተነሳ የታጠፈበት መስመር እንኳ አልጠፋም። ዳኛዋ መዝገቡን ገለጡና «ገንዘቡን ተበድረሃል ወይስ አልተበደርክም?» አሉት። ከኋላ የተቀመጥነው ሁሉ «አልተበደርኩም» እንዲል ጠብቀናል። ልጁ ግን ከሳሿን አየት አደረጋትና «ተበድሬያለሁ። ግን መልሼላታለሁ» አለ።

ዳኛዋ ቀና አሉ። «መመለስህን የሚያሳይ ጽሑፍ አለህ?»

«የለኝም። በእጇ ነው የሰጠኋት። እናቷ ቤት፣ እሁድ ቀን።»

«የፈረመችልህ ነገር የለም?»

«ምን ብዬ ነው ፈርሚ የምላት? እሷ እኮ ስትሰጠኝ አላስፈረመችኝም።»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ዳኛዋ አልሳቁም፤ መጻፍ ጀመሩ። ነገሩ እንዲህ ነው። ብድር ሲሰጥ ጽሑፍ የሚጠይቀው ሕግ ከ500 ብር በላይ የሆነ ገንዘብ ሲመለስም ያንኑ ይጠይቃል። ልጁ ብድሩን በአፉ አመነ፤ መመለሱን ግን በአፉ ማስረዳት አይችልም። እውነቱን ከሆነ ሁለት ጊዜ ሊከፍል ነው። ውሸቱን ከሆነ ደግሞ ለመካድ አፉ ስላልታዘዘለት ተያዘ። ከሁለቱ ማን እንደዋሸ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሲወጡ ተከትያቸው ነበር፤ በሩ ላይ እሱ ቆም ብሎ አሳለፋት። እሷም «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብላው አለፈች።

ከብድር ቀጥሎ የሚመጣው ዋስትና ነው። እዚህ ነገሩ ይገለበጣል። ብድር ላይ ሰው ወረቀት መጠየቅ ያፍራል፤ ዋስትና ላይ ደግሞ ወረቀት ማንበብ ያፍራል። የጎረቤት ልጅ ሥራ አግኝቷል፤ ዋስ አምጣ ተብሏል። «ፎርማሊቲ ነው» ይባላል። ሰውየው ከመሥሪያ ቤቱ የደመወዝ ማስረጃ ያጽፋል፣ ፎቶውን ይሰጣል፣ ብዕር ያነሳል። ልጁና እናቱ ፊቱ ቆመዋል። በእነሱ ፊት ወረቀቱን አገላብጦ ማንበብ ልጁን ሌባ ማለት ይመስለዋል። ይፈርማል። እናትየው ጉልበቱን ሊስሙ ይደርሳሉ።

ከዓመት ከምናምን በኋላ ልጁ የተረከበው ንብረት ጎደለ ይባልና መጥሪያው ለዋሱ ይመጣል።

እንዲህ ያለ መጥሪያ ይዞ አንድ ሰው ቢሮዬ መጣ። ላብ በላብ ሆኗል። ቅጹን ተቀብዬ መጀመሪያ ያየሁት የብሩን መጠን ነው። ባዶ ነው። «እስከ ብር» ይልና ነጥብ ነጥብ ነጥብ። ማንም ምንም አልጻፈበትም። ሳሳየው ይብስ ደነገጠ። «ካልተጻፈማ ያሉኝን ሁሉ ልከፍል ነው!»

ሁሉም እንደዚያ ነው የሚመስለው። የተገላቢጦሽ ነው። የፍትሐብሔር ሕጉ ቁጥር 1922 ዋስትና በግልጽ መሰጠት አለበት፤ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን ውሉ ላይ ካልተመለከተ ዋስትናው ውጤት አይኖረውም ይላል። ያ ነጥብ ነጥብ ትልቁ መከራከሪያችን ሆነ። ሰውየው ግን ደስ እንዳለው አልታየኝም። «እናትየው ሲያዩኝ ምን ይሉኛል? ልጄን ካደው አይሉም?» ነው ያለኝ።

ሌላው ሰው የማያነበው ሐረግ «በአንድነትና በነጠላ» የሚለው ነው። ግጥም ይመስላል። ቅጾች ላይ ደግሞ የማይገባበት የለም። እሱ ከሌለ ዋስ የሆነ ሰው «መጀመሪያ ባለዕዳውን ያዙ፣ የሱን ንብረት ጠይቁ» ብሎ መከራከር ይችላል። ካለ ግን አበዳሪው ባለዕዳውን ዘሎ በቀጥታ ወደ ዋሱ መምጣት ይችላል። ልጁ ፊት ቆሞም ቢሆን ሌላው ይቅር፣ የብሩ መጠንና ይቺ ሐረግ ይታዩ እላለሁ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ዓይንን ማስተካከል ይመስል መነጽር ማውጣት ይቻላል።

ኪራይ ላይ ሰዉ ከእኔ በላይ ያውቃል። በ2016 ዓ.ም የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ያዛል። ከ2 ዓመት ያነሰ ውል አይፈቅድም። ከ2 ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅንም ከልክሏል። አንዲት ተከራይ ይህን ሁሉ እሷው ዘርዝራ ነገረችኝ፤ ከዚያ ዋጋ ድንገት ተጨመረብኝ ብላ አማረረች። «ውላችሁ ተመዝግቧል?» ስላት አንገቷን ደፋች። «እትዬ እንደ እናቴ ናቸው። እናስመዝግብ ብላቸው ቤቴን ልትወርሰኝ ነው ይላሉ። በዓል ሲሆን ዶሮ ወጥ ይልኩልኛል እኮ!» አዋጁ በዶሮ ወጥ ተሸነፈ።

ሥራ ላይ ይሉኝታው በሽማግሌ በኩል ይመጣል። «ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ» የተባለ ሠራተኛ መጀመሪያ የሚያደርገው አለቃውን የሚያውቅ ሰው መፈለግ ነው። ክፉ ሐሳብ አይደለም። ሽማግሌ ይላካል፣ አለቃው «እስቲ አስብበታለሁ» ይላል፣ በዓል ይመጣል፣ ጾም ይገባል፣ ሌላ ሽማግሌ ይጨመራል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብን ክስ 3 ወር ነው የሰጠው። የደመወዝና የመሰል ክፍያዎች ጥያቄ 6 ወር አለው። ሽማግሌ መላክ ይርጋውን፣ ማለትም የክስ ማቅረቢያውን የጊዜ ገደብ፣ አያቆመውም። ሰዉ «በይርጋ ታግዷል» የሚል ወረቀት ይዞ ሲመጣ፣ «ክስ ያልጀመርኩት እኮ እንዳይቀየሙኝ ብዬ ነው» ይለኛል። ክሱን ፋይል አስከፍቶ ሽምግልናውን መቀጠል ይቻላል። አለቃው ይቀየም ይሆናል፤ ግን ያባረረህ ሰው ነው እኮ!

ይሉኝታ የሌለበት ጥያቄም አለ፤ ቶሎ ልለፈው። «ወንድሜ ከውጭ ጠቅላላ ውክልና ልኮልኛል፤ ቤቱን ልሽጥ?» ቤት መሸጥ ልዩ ሥልጣን ይፈልጋል፤ ውክልናው ላይ መሸጥ የሚለው በግልጽ ይኑር። ወካዩ ከሞተ ደግሞ በመሠረቱ ውክልናው አብሮት ያበቃል፤ ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ስላለ አይሠራም። «ካርታው በባሌ ስም ነው፤ ምንም የለኝም ማለት ነው?» አይደለም። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በአንዱ ስም ቢመዘገብም የባልና የሚስት ንብረት የጋራ ነው ብሎ ነው የሚነሳው። የግሌ ነው ያለው ወገን ያስረዳ። ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው የራስን ክልል ማየት ነው።

ብዙ ጊዜ «እኛ ኢትዮጵያውያን ወረቀት አንወድም» ሲባል እሰማለሁ። አልስማማም። ዕድር ሄዳችሁ እዩ። ማን እንደከፈለ፣ ማን እንደቀረ፣ ማን እንደተቀጣ ሁሉ መዝገብ ላይ ነው። የድንኳኑ ካስማና የብረት ድስቱ ሳይቀሩ በቁጥር ተጽፈዋል። ዕቁብም ላይ ብር የሚወስድ ሰው ዋስ ይጠራል፣ ይፈርማል፤ ማንም «ካላመናችሁኝ ይቅር» አይልም። ብዙ ሆነን ስንጽፍ ደንብ ነው፤ ማንም ማንንም አልጠረጠረም። ሁለት ብቻ ስንሆን ነው ብዕሩ የሚከብደን።

ስለዚህ አሁን አሁን ለሚጠይቁኝ ሰዎች ሕጉን ብቻ አልነግራቸውም። ስሜን አበድራቸዋለሁ። «ጠበቃዬ ያለ ወረቀት አትስጥ ብሎ አስቸገረኝ በሉ፤ በኔ አሳቡ» እላለሁ። ይሠራል። ተበዳሪው አበዳሪውን ትቶ እኔን ይሰድባል፤ ወዳጅነታቸው ይተርፋል።

በዚህ መንገድ ነው አክስቴንም ያሳመንኳት። ጎረቤቷ ብር ልታበድራት ጠይቃታለች። «አንተ ልጅ፣ ጠዋት ማታ ቡና አብራኝ የምትጠጣ ሰው ናት። ፈርሚ ብያት ነገ በየት በኩል አያታለሁ?» አለችኝ።

«የእህቴ ልጅ ነው ያስቸገረኝ በያት» አልኳት።

ይህስ ገባት። በስልክ አንድ በአንድ ነገርኳት። «ብድር» የሚል ቃል ይኑር፤ ገንዘቡ በአኃዝም በፊደልም ይጻፍ፤ የተሰጠበት ቀንና የሚመለስበት ቀን ይኑር፤ ሁለታችሁ ፈርሙ፤ ሁለት ምስክሮች ይፈርሙ። «እሺ፣ እሺ» እያለች ሰማችኝ። ስትጽፍ ብዕሩ ሲንኮሻኮሽ ይሰማኝ ነበር።

ከሳምንት በኋላ ቤቷ ሄድኩ። ቡናው ከመፍላቱ በፊት «ና እስቲ እይልኝ» ብላ የዕድር ደብተሯን አመጣች። መሃሉ ላይ ለአራት የታጠፈ የደብተር ሉክ አለ። ገለጥኩት። ጽሑፉ ደስ ይላል። በብድር የወሰድኩትን ገንዘብ ለመስቀል እመልሳለሁ ይላል። ቀኑ አለ። የጎረቤቷ ፊርማ አለ። የአክስቴም አለ። ምስክሮቹ ሁለት ይበቁ ነበር፤ እነሱ ሦስት አድርገውታል፤ አንዱ የዕድሩ ጸሐፊ ናቸው። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

«ስንት ብር እንደሆነ የት አለ?» አልኳት።

ወረቀቱን ከእጄ ወሰደችና መልሳ ለአራት አጠፈችው።

«እሱን ምስክሮቹ ፊት መጻፍ ይሉኝታ ያዛት። ደግሞ ስንት እንደሆነማ እሷም ታውቀዋለች፣ እኔም አውቀዋለሁ» አለችኝና የዕድር ደብተሯ ውስጥ ከተተችው።